እንግሊሽ ዊል ሠርቼ የቮልስ ፓራፋንጎ ላወጣ ብል ላሜራው መስመር በመስመር እየሆነብኝ ነው (ጎንደር)

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ጥቅምት 9

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ ትንሽ የባትላሜራ ቤት አለችኝ። ብዙው ሥራዬ ባጃጅና ሚኒባስ ነው። የተጋጨ በር፣ የተጣመመ ኮፈን፣ ዝገት የበላው ወለል። እነዚህን አውቃቸዋለሁ። አሁን ግን የማላውቀው ሥራ ገጥሞኛል።

አንድ የሰፈር አባት የ1967 ሞዴል ቮልሳቸውን አመጡልኝ። የኋላው የግራ ፓራፋንጎ (የጎማው ጭቃ መከላከያ) አልቋል። ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስቱኮውን (ጉድጓድ የሚሞላበትን ልጥፍ) ስፍቀው ግን ከሥር የወጣው ብረት ሳይሆን ወንፊት ነው። እንደገና በስቱኮ ልሙላው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይ ልጄ፣ ስቱኮ በቃኝ። ብረት አድርግልኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ፓራፋንጎው በየትኛውም በኩል ብታዩት ጎባጣ ነው። በመዶሻ ብቻ ስሞክረው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። ስለዚህ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ እንግሊሽ ዊል፣ ላሜራን በሁለት መንኮራኩር መሃል እያሳለፈ ቅርጽ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ራሴ ሠራሁ። አካሉ 80 በ80 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ። ላይኛው መንኮራኩር ከአይሱዙ የወጣ ትልቅ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ታችኛው ደግሞ ትንሽ ኩሽኔታ። ታችኛውን ወደ ላይ የሚገፋው የመኪና ክሪክ ነው። መብራት አይፈልግም። ለእኛ ሰፈር እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ይኸው። 1 ሚሊ ነጭ ላሜራ ሳስገባ እንደ ታረሰ ማሳ ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ይወላገዳል። እንደ አሸንዳ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ቅል ሆድ አያወጣም። ክሪኩን ባጠበቅኩ ቁጥር ይብሳል። ሁለት ሙሉ ላሜራ አበላሽቻለሁ። ምን ጎደለኝ?

የቮልስ ፍቅር | አዲስ አበባ | ጥቅምት 9

ወንድሜ በርታ። እዚህ የተፈታ ፓራፋንጎ አልፎ አልፎ ይገኛል። ግን እሱም የሌላ ሰው ስቱኮ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ልንገርህ። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ አይበየድም። የቀኙ ደህና ከሆነ ፍታውና ጠረጴዛህ ላይ አድርገው። የግራው የመስታወት መልኩ ነው። ልኬቱን በወረቀት ወስደህ ትገለብጠዋለህ። አሮጌውንም የግራ አትጣለው። የብሎን ቀዳዳዎቹን የምታገኘው ከሱ ላይ ነው።

ቶርኖ ቤት | አዘዞ፣ ጎንደር | ጥቅምት 10

አንድ ጥያቄ። ታችኛው መንኮራኩርህ ሆድ አለው ወይስ እንደ ላይኛው ጠፍጣፋ ነው?

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ጥቅምት 10

ጠፍጣፋ ነው። ኩሽኔታውን እንዳለ ነው ያሰርኩት።

ቶርኖ ቤት | አዘዞ፣ ጎንደር | ጥቅምት 10

እንግዲያው መጀመሪያ እዚያ ጋ ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ከሆኑ ብረቱን የሚነክሱት በጠርዛቸው ነው። ያ መስመር የኩሽኔታው ጠርዝ ነው። ላይኛው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ትክክል ነው። ታችኛው ግን በርሜል መምሰል አለበት፣ መሃሉ ወፍሮ ጎንና ጎኑ ሸሸት ያለ። መሃሉ ላይ ደግሞ 8 ወይም 10 ሚሊ የምትሆን ጠፍጣፋ ቀበቶ ትቀራለች። ብረቱን የምትነካው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ታችኛው ለሁሉ ሥራ አይሆንም። ቢያንስ ሦስት ያስፈልግሃል። አንዱ ሆዱ እምብዛም የማይታይ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ በደንብ የጎበጠ። የአሮጌ መኪና አክስል ካለህ አምጣው። ጠንካራ ብረት ነው፣ ቶሎ አይጎዳም። ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ አውጥቼ እስኪያበራ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አሽልሃለሁ። ማሸቱን አትናቀው። መንኮራኩሩ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ በየዙሩ ላሜራህ ላይ ትታተማለች።

ከኮቨንትሪ | እንግሊዝ | ጥቅምት 11

ሰላም ያገሬ ልጆች። ጎንደር፣ ጃንተከል አካባቢ ያደግኩ ነኝ። አሁን ኮቨንትሪ ውስጥ አሮጌ መኪና በሚታደስበት ቤት እሠራለሁ። ይህን መሣሪያ በየቀኑ ስለምይዘው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የቶርኖው ወንድማችን ያለው ልክ ነው። እኔ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ልናገር።

እዚህ ሠራተኛው «ዊሊንግ ማሽን» ነው የሚለው። ፋብሪካ በትልልቅ ፕሬስ መኪና ማተም ሳይጀምር አካሉ በእጅ ሲሠራ ከዋና መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስፒትፋየር አውሮፕላን ጥምዝ ክፍሎችም በሱ ወጥተዋል። ዛሬም ጥቂት መኪና ብቻ የሚሠራ ሰው ያለሱ አይሆንለትም።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። ይህ ማሽን ብረት አያጎብጥም። ብረት ያሳሳል። ሊጥ አስብ። ድፍን ሊጥ አስተኝተህ መሃሉን ብቻ ብትዳምጠው መሃሉ ይሰፋል፣ ዳሩ ግን እንዳለ ነው። የሰፋው መሃል መሄጃ የለውም። ስለዚህ ወደ ላይ ይነሳል። ላሜራም እንዲሁ ነው። ሁለቱ መንኮራኩሮች መሃል ያለችው ትንሽ ነጥብ በጣም በትንሹ ትሳሳለች፣ በትንሹም ትሰፋለች። እንዲህ ያለ ነጥብ በሺህ ሲደረደር ሆድ ይወጣል። አንተ ጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ስለምትገፋው ሁሉም አብሮ ይሰፋል። ለዚህ ነው ሆድ እምቢ ብሎህ ጠርዙ የተወላገደው።

ግፊቱን ቀንስ። መለኪያው ይኸው፦ ላሜራውን በጣትህ ስትገፋው መሄድ አለበት። ትከሻህን ከጠየቀህ በዝቷል። በሰው ሁሉ ላይ የማየው ስህተት ይህ ነው። ቶሎ እንዲጎብጥ ብሎ ያጠብቃል። ያኔ እያንዳንዱ ምልልስ ጉድብ ይሆናል፣ ያንን ጉድብ ማጥፋት ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

እንዲህ አድርግ። ሆድ እንዲወጣ የምትፈልግበትን ቦታ በማርከር ክበብ። ከአንድ ዳር ጀምረህ ወደፊትና ወደኋላ መልሰው። በእያንዳንዱ ምልልስ ወደ ጎን 5 ሚሊ ያህል ብቻ ፈቀቅ በል። ፈለጉ የቀደመውን ፈለግ መርገጥ አለበት። ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አትቁም። አንዱን አጠር፣ አንዱን ረዘም አድርገው። አንድ ቦታ ላይ ከቆምክ እዚያ ድንበር ይሠራል። ጨርሰህ ስትወጣ ላሜራውን አዙረውና አግድም ድገመው። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ያለሰልሳል።

ስለ አካሉም ልበልህ። 80 በ80 ባለ 3 ሚሊ ይላላል። ክሪኩን ስታጠብቅ አፉ (ላሜራው የሚገባበት ክፍተት) ሲከፈት በዓይንህ ከታየህ አካሉ እንደ ቀስት እየተለጠጠ ነው። ያኔ ግፊቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። መንኮራኩሮቹም አንዱ ከሌላው ዘንበል ይላል፣ ላሜራውም ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል። ያንተ እንደ አሸንዳ የሚጠቀለለው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ማዕዘኖቹ ላይ ባለ ሦስት ጎን ድጋፍ ብየድበት። ከጀርባው ሌላ ቱቦላሬ ደርብበት።

ሜካኒካል ተማሪ | ጎንደር | ጥቅምት 11

የኮቨንትሪው ጋሼ የተናገሩት በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይገርማል። ስፋቱ 400 ሚሊ የሆነ ላሜራ አለህ እንበል። መሃሉ በ20 ሚሊ ከፍ እንዲል ትፈልጋለህ። ቅስቱን ስታሰላው ርዝመቱ 402.7 ሚሊ አካባቢ ነው። ማለትም በመሃል መስመሩ ላይ ብረቱ መርዘም ያለበት ከ3 ሚሊ ባነሰ ነው፣ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። በዓይን ግን ትልቅ ሆድ ሆኖ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ትንሽ ግፊት የሚበቃው።

ከፍታውን 60 ሚሊ ስታደርገው ግን ነገሩ ሌላ ነው። መርዘም ያለበት 24 ሚሊ ገደማ ይሆናል፣ ከመቶ 6። ከፍታው ሦስት እጥፍ ሲሆን የብረቱ መለጠጥ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። የፓራፋንጎው ትከሻ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እሱን በዊል ብቻ ልጨርስ ካልክ ብረቱ በጣም ይሳሳል።

እኔ ለጓደኞቼ በአክንባሎ ነው የማስረዳቸው። የላሜራ አክንባሎ ከአንድ ጠፍጣፋ ገበታ ተቆርጦ ይጠቀለላል። ምንም አይለጠጥም። አሸንዳም እንዲሁ። የፋሲል ግንብን ማማ ጉልላት ግን አስቡት፣ ያንን እንቁላል የመሰለውን። አንድ ሙሉ ወረቀት ብታለብሱት ወይ ይጨማደዳል ወይ ይቀደዳል። በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ነገር ከጠፍጣፋ ገበታ ሳይለጠጥ ወይም ሳይሰበሰብ አይወጣም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1827 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። ፓራፋንጎም የጉልላቱ ዘመድ ነው።

ጋሽ መዶሻ | አዲስ አበባ (ትውልድ ጎንደር) | ጥቅምት 12

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ደስ አለኝ። ግን መዶሻውን ለምን ረሳችሁት?

እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ባትላሜራ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ፓራፋንጎ ማለት ጭቃ መከላከያ ነው። ክሪኩም፣ ሞርሳውም፣ ቶርኖውም፣ ኩሽኔታውም ከነሱ የቀረ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሲሄድ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። የሥራው ዘዴም አብሮ ቀረ። ጣሊያኑ በግንድና በመዶሻ ነበር የሚሠራው። እንግሊዙ በዊል። እኛ የወረስነው የመዶሻውን ነው። የአይሱዙ አውቶቡሱን «ቅጥቅጥ» ብሎ ሰው የሰየመው እኮ ባገራችን ልጆች መዶሻ ስለወጣ ነው።

ልጅ ማራኪ፣ አንተ መዶሻውን ብቻ ሞከርክ፣ ከዚያ ዊሉን ብቻ ሞከርክ። ሁለቱም አብረው ናቸው። ተማሪው ልጅ እንዳለው ትከሻው ላይ ብዙ መለጠጥ አለ። ያንን በመዶሻ አውጣው። የወይራ ጉማጅ ፈልግና መሃሉን እንደ ሳህን ጎድጉደው። ወይም ወፍራም ሸራ ሰፍተህ ደረቅ አሸዋ ሙላበት። የብረት መዶሻ አትንካ፣ የእንጨት ይሁን፣ ጫፉም የከበበ። ብረቱ እንደ ዋልነት ቅርፊት ጎርባጣ ይሆንብሃል። አትደንግጥ። ያን ጊዜ ነው ዊሉ የሚመጣው። ጎርባጣውን የሚያስተካክለው እሱ ነው። መዶሻው ቅርጹን ይሰጣል፣ ዊሉ ቆዳውን ያለሰልሳል።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀት። ካኪ ወረቀት የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ አልብሰው። በእጅህ እየዳበስክ አስተኛው። ወረቀቱ የተጨማደደበት ቦታ ብረቱ መሰብሰብ አለበት። አልደርስ ብሎ ልትቀደው የተገደድክበት ቦታ ብረቱ መለጠጥ አለበት። ሁለቱንም በእርሳስ ምልክት አድርግባቸው። ይህ ወረቀት ካርታህ ነው። እኔ ያለ ካርታ ላሜራ ቆርጬ አላውቅም።

ጠርዙን ስትሰበስብ እንዲህ አድርግ። በክብ አፍንጫ ጉጠት ጠርዙን እንደ ቀሚስ ሽንሽን አድርገው። ሽንሽኑ ሳይከፈት እዚያው በመዶሻ አስተኛው። ብረቱ ወደ ራሱ ይገባል፣ ጠርዙ ያጥራል፣ ይወፍራልም። ከተከፈተብህ ግን ድካምህ ከንቱ ነው። ደግመህ ጀምር።

ከኮቨንትሪ | እንግሊዝ | ጥቅምት 12

ጋሼ፣ ስለ መዶሻው እርስዎ ያሉት ነው። እዚህም የቆዩት ሠራተኞች የጎላውን ቅርጽ በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት አውጥተው ነው ወደ ዊሉ የሚመጡት። እኔ ዊሉ ላይ ብቻ ስላተኮርኩ ሳልጠቅሰው አለፍኩ። በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ዊሉ ለማለስለስ ብቻ አይደለም። ኮፈን፣ ጣሪያ፣ በር፣ እነዚህን ስስ ሆድ ያላቸውን ሰፋፊ ገበታዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሱ ማውጣት ይቻላል፤ መዶሻ ሳይነካቸው።

ጋሽ መዶሻ | አዲስ አበባ | ጥቅምት 12

ጣሪያ ከሆነ ተቀብያለሁ ልጄ። ጣሪያ በመዶሻ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም እጄ ያውቀዋል።

በያጇ | ባሕር ዳር | ጥቅምት 13

ወንድሜ፣ ቁሱን ማንም አልነካውም። ነጭ ላሜራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ በዊሉ ሲጨመቅ ይላጥና መንኮራኩሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ላሜራህን መልሶ ይወጋዋል። ስትበይደው ደግሞ ነጭ ጭስ ያወጣል። እሱን ቀን ስትተነፍስ ውለህ ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያተኩስሃል። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ወባ ነው ብዬ ተመርምሬያለሁ። የጣሪያ ቆርቆሮም አትሞክር፣ ስስና ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ጥቁር ላሜራ ግዛ። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ይበቃሃል። ስትገዛ ከጥግ በኩል ትንሽ አጥፈህ ሞክረው። ሳያጉረመርም ከታጠፈልህ እሱ ነው።

የበርሜል ላሜራም ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይሠራበታል። ግን እባክህ፣ በርሜሉ ባዶ ነው ብለህ ግራይንደር ወይም እሳት እንዳታስጠጋ። ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት በርሜል ውስጥ እንፋሎቱ ይቀራል፣ ሰው ይገድላል። በሳሙናና በውኃ ደጋግመህ እጠበው። ከዚያም ቢሆን ውኃ ሞልተህበት በመሮ ክፈተው።

ፓራፋንጎውን ከአንድ ገበታ ላወጣ ብለህ አትጨነቅ። ሦስት ቦታ ክፈለው። ትከሻው አንድ፣ ጎኑ አንድ፣ የታችኛው ጠርዝ አንድ። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው። ከዚያ ትበይዳቸዋለህ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይሰበስባል። ስለዚህ ስፌቱን አስተካክለህ ሞርደህ ቀስ ብለህ በዊሉ አሳልፈው። የተሰበሰበው ይመለሳል። በኦክስጅን ወይም በአርጎን ከበየድክ ስፌቱ ለስላሳ ነው፣ ይታዘዝልሃል። በሚግ (ሽቦ በሚመግበው የኤሌክትሪክ ብየዳ) ከሆነ ይደርቃል፣ በትዕግሥት ነው የሚሠራው።

ደግሞ ስለ ጉልላት ከተነሳ ላይቀር። ባለፈው ዓመት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በላሜራ አልብሰናል። እንደ ብርቱካን ክፋይ ቆርጠን ነው የገጠምነው። ክፋዮቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለታጠፉ ከታች ሲያዩት ማዕዘን አለው። ያኔ ዊል ቢኖረኝ እያንዳንዱን ክፋይ መሃሉ ላይ ትንሽ ሆድ እሰጠው ነበር። እስካሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔ እዚያ ማዕዘን ላይ ነው።

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ጥቅምት 14

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ነገ አክስል ይዤ አዘዞ እወርዳለሁ። ጋሼ፣ የወይራ ጉማጅ ከቅዳሜ ገበያ አገኛለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። አባቴ ይህን ሥራ ስጀምር ደስ አላለውም ነበር። ቀጥቃጭ ልትባል ነው ወይ አለኝ። እርስዎ በጊዜዎ ይህንን እንዴት አለፉት?

ጋሽ መዶሻ | አዲስ አበባ | ጥቅምት 15

ልጄ፣ እኔም ተብያለሁ። በእኛ ጊዜ ስድብ ነበር። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን ሠርተው አገር እያበሉ፣ ሰው ግን ቡዳ ናቸው ብሎ አብሯቸው ማዕድ መቅረብ ይፈራ ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ ሄጄ ወናፍ ሲነፋ ቆሜ አይቻለሁ። ያየሁት የእጅ ጥበብ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ የብረት ሥራ የአገር ጉዳይ መሆኑን አውቀው ነው። አባትህን ፓራፋንጎው ሲያልቅ ጥራውና በእጁ ይዳብሰው።

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ኅዳር 6

ሰላም። ወሬ ይዤ መጣሁ። ሦስቱ ታችኛ መንኮራኩሮች ወጡልኝ። እንደ መስታወት ነው የሚያበሩት። አካሉን ደርቤ ደግፌዋለሁ። አሁን ክሪኩን ሳጠብቅ አፉ ንቅንቅ አይልም። የጎኑ ክፍል ወጥቷል፣ መስመር የለውም። ትከሻውን በወይራው ላይ ደብድቤ በዊሉ ሳሳልፈው ጎርባጣው ሲጠፋ ዓይኔን አላመንኩም።

አዲስ ችግር ግን አለ። ጎኑ ላይ መሃሉን ስጫነው ቋ ብሎ ይገባል፣ ስለቀው ቋ ብሎ ይወጣል። ደግሞም መካከለኛውን መንኮራኩር ስጠቀም በግራና በቀኝ ቀጭን መስመር ይተዋል።

ከኮቨንትሪ | እንግሊዝ | ኅዳር 6

እሰይ! ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

መስመሩ የመጣው ላሜራህ አሁን ከመንኮራኩሩ ይበልጥ ስለጎበጠ ነው። የመንኮራኩሩ ዳር ብረቱን መንካት ጀምሯል። የምትመርጠው መንኮራኩር ሁልጊዜ ከምትፈልገው ቅርጽ በጥቂቱ ይበልጥ የጎበጠ ይሁን። ወደ ሦስተኛው ተሻገር።

ቋ የሚለው ደግሞ መሃሉ ከዳሩ ይልቅ ስለተለጠጠ ነው። ትርፍ ብረት አለ፣ የሚይዘው የለም። መሃሉን ከእንግዲህ አትንካው። በዙሪያው ያለውን ቀለበት በቀላል ግፊት አሳልፈው። ዙሪያው ትንሽ ሲሰፋ መሃሉ ይወጠራል። በየጥቂት ምልልሱ አውጥተህ በእጅህ ፈትሸው። ቶሎ ነው የሚመጣው፣ ካሳለፍከው ደግሞ ወደ ጠርዝ መወላገድ ትመለሳለህ።

ጋሽ መዶሻ | አዲስ አበባ | ኅዳር 7

በዓይንህ አትመን። ዓይንህን ጨፍንና በመዳፍህ ዳብሰው። ስስ የጨርቅ ጓንት ብታደርግ ደግሞ ጓንቱ ብረቱ ላይ ስለሚንሸራተት ትንሿ እብጠት ሳትቀር ትሰማሃለች። መጀመሪያ ግን ጠርዙን ሁሉ ሞርደው። የተቆረጠ ላሜራ ምላጭ ነው።

የቮልስ ፍቅር | አዲስ አበባ | ኅዳር 7

አሉሚኒየምስ እንዴት ነው? እኔ የቮልሴን የሞተር ክዳን ቀለል አድርጌ በአሉሚኒየም ላሠራው እያሰብኩ ነው።

በያጇ | ባሕር ዳር | ኅዳር 7

ይታዘዛል፣ ግን ሲመታ ቶሎ ይደርቃል። በየመሃሉ በእሳት አለዝበው። አሉሚኒየም ሲግል ቀለሙን አይቀይርም፣ ሳታውቀው ቀልጦ ይወርዳል። 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ ላዩን በሳሙና ቀባው። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አንሳ፣ ለዝቧል። ወይም ኦክስጅኑን ዘግተህ በአሴቲሊን ብቻ ጥላሸት ቀባውና ያንን ጥላሸት በተስተካከለ እሳት አጥፋው። ጥላሸቱ እንደጠፋ በቃ።

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ታኅሣሥ 2

ፓራፋንጎው ገጠመ። ሦስቱ ክፍሎች ተበይደው አንድ ሆነዋል። የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ሽቦ አስገብቼ ጠቅልዬዋለሁ፣ ስለዚህ አይርገበገብም። ከአሮጌው ላይ የወሰድኩት የብሎን ቀዳዳ ከአንዱ በቀር ሁሉም ልክ መጣ። አንዱን በሞረድ አሰፋሁት። ስቱኮ የሚፈልገው ስፌቱ ላይ አንድ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነው፣ እሷንም አሁንም እየታገልኳት ነው።

አባቴን ጠራሁት። ጋሼ እንዳሉት ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰው። ምንም አልተናገረም። ከዚያ የቀኙን ዳበሰ። ተመልሶ የግራውን ዳበሰ። «የቱ ነው አዲሱ?» አለኝ።

የመኪናው ባለቤት ደግሞ ለጥምቀት እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። ነገ ፀረ ዝገት እቀባለሁ።

ቶርኖ ቤት | አዘዞ፣ ጎንደር | ታኅሣሥ 2

ፎቶውን አየሁት፣ እጅህ ይባረክ። እኔም ለራሴ አንድ ላቆም ነው። የአፉን ጥልቀት ስንት አደረግከው?

ልጅ ማራኪ | ጎንደር | ታኅሣሥ 2

50 ሳንቲ። ለፓራፋንጎና ለበር ይበቃል። ለኮፈን ግን ያጥራል፣ መሃሉ ላይ አይደርስም። አንተ ስትሠራ 80 አድርገው፣ ቱቦላሬውን ግን 100 በ100 ባለ 5 ሚሊ ውሰድ። አፉ በጠለቀ ቁጥር ይበልጥ ይለጠጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ የኔን አብረን እንለካዋለን።